መዋጮው ሕግ ይኑረው፣ ከፋዩም ድምፅ

በአንዲት የደጋ ከተማ ሱቅ ያላቸው አንዲት ነጋዴ አውቃለሁ። ነገሩ የአንዲት ከተማ ብቻ ስላልሆነ የከተማዋን ስም መጥቀስ አያስፈልግም። ባለፈው ጊዜ ሰላም ልበላቸው ጎራ ስል ከመደርደሪያው ሥር የብስኩት ቆርቆሮ አወጡና ክዳኑን ከፍተው ባንኮኒው ላይ ዘረገፉት። የደረሰኝ ክምር ነው። አንዱ ለመንገድ ጥገና፣ አንዱ ለበዓል ዝግጅት፣ አንዱ ለስፖርት፣ አንዱ ለጸጥታ ማጠናከሪያ፣ የተቀረው ደግሞ «ለልማት» ከሚል ቃል በስተቀር ምንም ያልሰፈረበት።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሕግ ተምረዋል ይባላል» አሉኝ። «እስቲ ይኼ ግብር ነው ወይስ ስጦታ? ግብር ነው እንዳልል አዋጅ የለውም። ስጦታ ነው እንዳልል እምቢ ማለት አልችልም።»

በሕግ ትምህርት ቤት ብዙ ፈተና ተፈትኛለሁ። እንዲህ እጥር ምጥን ያለ ጥያቄ የገጠመኝ ግን ጥቂት ጊዜ ነው። ያን ዕለት የረባ መልስ አልሰጠኋቸውም። ይህ ጽሑፍ የዘገየ መልሴ ነው።

መዋጮ በራሱ ክፉ አይደለም

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። መዋጮ ይቅር ማለቴ አይደለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚል ሕዝብ መዋጮን ከማንም አይማርም። እድር የቆመው በመዋጮ ነው። በ1950ዎቹ የጉራጌ ተወላጆች፣ ብዙዎቹም አዲስ አበባ በንግድ ላይ የተሰማሩ፣ ተደራጅተው ወደ ትውልድ አካባቢያቸው የሚወስዱ መንገዶችን ከኪሳቸው በሚያዋጡትና ከመንግሥት በሚያገኙት ድጋፍ ማሠራት ጀምረው ነበር። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተቀምጦ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የህዳሴ ግድብም የሕዝብ ቦንድና ስጦታ አለበት። እርግጥ ነው፣ ያኔም «የአንድ ወር ደመወዝህን ለመስጠት ፈቃደኛ ነህ ወይ?» የሚለው ጥያቄ በየመሥሪያ ቤቱ እንዴት እንደቀረበ የምናስታውስ ብዙ ነን።

የእድሩና የጉራጌው መንገድ መዋጮ ከብስኩት ቆርቆሮው ደረሰኞች የሚለየው በሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከፋዩ ለምን እንደሚከፍል ያውቃል። ሁለተኛ፣ ገንዘብ ያዡን የመረጠው እሱ ነው። ሦስተኛ፣ ገንዘብ ያዡ ካጠፋ ይሽረዋል። እኚያ ነጋዴ ከሦስቱ አንዱም የላቸውም። ማን እንደወሰነ፣ በምን ስሌት እነሱ ላይ ይህን ያህል ጎረቤታቸው ላይ ያን ያህል እንደተጣለ፣ ገንዘቡ የት እንደገባ አያውቁም። የሚያውቁት አንድ ነገር ቢኖር ካልከፈሉ የንግድ ፈቃድ ማደሻ ሰሞን ጉዳያቸው እንደሚጓተት ነው።

ሌላው ዓለም ምን አደረገ?

የንግድ ሰፈርን ለማሻሻል ከነጋዴው ገንዘብ መሰብሰብ እኛ ዘንድ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ ብሎር ዌስት ቪሌጅ የሚባል የንግድ ሰፈር አለ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የምድር ባቡር በሥሩ ሲዘረጋ ቀድሞ በትራም ሲያልፍ ሱቆቹን ያይ የነበረው ሰው ከመሬት በታች ገባ፣ በከተማው ዳርቻም ትልልቅ የገበያ አዳራሾች ተከፈቱ። ነጋዴዎቹ መንገዳቸውን ለማሳመር በፈቃደኝነት ማዋጣት ሲጀምሩ የተለመደው ችግር ገጠማቸው። ሃያው አዋጥቶ መብራት ሲያቆም ሃያ አንደኛው ምንም ሳያወጣ በዚያው መብራት ይሸጣል። በሚቀጥለው ዓመት ሃያው አሥራ አምስት ይሆናል፣ በሦስተኛው ዓመት ማንም አያዋጣም።

መፍትሔው በ1970 እ.ኤ.አ. መጣ። የኦንታሪዮ ግዛት ሕግ አወጣ፣ የከተማው ምክር ቤትም ሰፈሩን በደንብ ከለለ። በክልሉ ውስጥ ያለ ነጋዴ ሁሉ ተጨማሪ ክፍያ እንዲከፍል፣ ክፍያውን ከተማው ሰብስቦ ለሰፈሩ ቦርድ እንዲመልስ፣ ቦርዱም በዚያው ሰፈር ላይ ብቻ እንዲያውለው ተደረገ። «የንግድ አካባቢ ማሻሻያ ቀጣና» ልንለው የምንችለው ተቋም የተወለደው ያኔ ነው። ዛሬ በአሜሪካ፣ በእንግሊዝ፣ በደቡብ አፍሪካና በሌሎችም አገሮች ይገኛል። የደቡብ አፍሪካዋ ጋውቴንግ ግዛት በ1997 እ.ኤ.አ. ለዚሁ ጉዳይ ራሱን የቻለ ሕግ አወጣች። የኬፕታውን መሐል ከተማ ቀጣናም በ2000 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ።

ከሁሉም ለእኛ የሚጠቅም ትምህርት የማገኘው ከእንግሊዙ ሕግ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው የአካባቢ መስተዳድር ሕግ ቀጣናው የሚቋቋመው ከፋዮቹ ራሳቸው ድምፅ ሰጥተው ሲስማሙ ብቻ ነው ይላል። ድምፁም ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፤ አንድ ጊዜ በድምፅ ሰጪው ቁጥር፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በያዙት ቤት የተገመተ ዋጋ። በሁለቱም አብላጫ ካልተገኘ ነገሩ ውድቅ ነው። ትልልቆቹ ብቻቸውን ትናንሾቹን አያስገድዱም፣ ትናንሾቹም በቁጥር ብዛት ወጪውን ትልልቆቹ ላይ አይከምሩም። የዕድሜ ገደብም አለው። አንድ ቀጣና ከአምስት ዓመት በላይ መቀጠል ከፈለገ እንደገና ድምፅ ይጠይቃል።

እንግዲህ ያንን ቆርቆሮ ሙሉ ደረሰኝ ከዚህ ጋር አስተያዩት። እዚያም ነጋዴው ይከፍላል፣ እዚህም ይከፍላል። እዚያ ግን «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ለመጠየቅ የሕግ ምሩቅ መጠበቅ አያስፈልገውም።

መሐል ሜዳን እንደ ምሳሌ

ነገሩን ወደ አገራችን እናምጣውና በመሐል ሜዳ እንየው። መሐል ሜዳ በሰሜን ሸዋ የመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ ዋና ከተማ ነች። የደሴን መንገድ ጣርማ በር ላይ ለቅቆ በሞላሌ በኩል የሚዘልቅ መንገደኛ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያገኛታል። ዙሪያዋ የገብስና የበግ አገር ነው። የመንዝ በግና ከበግ ፀጉር የሚሠራው ባና ከአካባቢው አልፈው በሩቅ የታወቁ ናቸው።

እንዲህ ያለች ከተማ መሐል የምትኖረው በገበያ ቀን ነው። ገበሬው ከየቀበሌው እህሉንና በጉን ይዞ ካልመጣ የሱቅ ባለቤቱም፣ ምግብ ቤቱም፣ ወፍጮ ቤቱም፣ የመኪና ረዳቱም ሥራ ፈት ነው። በደጋ ከተሞች ለእንዲህ ያለ ገበያ የሚያስፈልገው ነገር ይታወቃል። የክረምቱን ጎርፍ የሚያወርድ ቦይ፣ የሕዝብ መጸዳጃ፣ ከንፋስና ከውርጭ የሚከልል ዳስ፣ የእንስሳቱ ተራ ከእህሉ ተራ የሚለይበት አጥር፣ ገበያ ሲበተን ቆሻሻ የሚያነሳ ሰው፣ ሌሊት ጠባቂና መብራት። እነዚህ ሁሉ የቢሊዮን ብር ሥራዎች አይደሉም። የሚጎድለው ዘወትር የሚከታተላቸው ባለቤት ነው።

ለምሳሌ ያህል እናስላ። በአንዲት የዚህ ዓይነት ከተማ መሐል 300 የንግድ ቤቶች አሉ እንበል። እያንዳንዱ በአማካይ በወር 150 ብር ቢከፍል በወር 45 ሺሕ፣ በዓመት 540 ሺሕ ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ አስፋልት አያነጥፍም። ነገር ግን ጠባቂና ጽዳት ሠራተኛ ይቀጥራል፣ የተደፈነ ቦይ ያስከፍታል፣ መጸዳጃ ያስጠግናል፣ አምፖል ይቀይራል። ትልቁን ግንባታ መንግሥት፣ ትንሹንና የዕለት ተዕለቱን ቀጣናው ማለት ነው።

በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተጀምሮ ወደ ክልል ከተሞች የተሻገረው የኮሪደር ልማት ይህን ጉዳይ ይበልጥ አንገብጋቢ አድርጎታል። የእግረኛ መንገዱ ሰፋ፣ መብራቱ በራ፣ ዛፉ ተተከለ። ብዙ ነጋዴ ደግሞ ሱቁ ፈርሶ ተነሳ፣ የቀረውም የሕንፃውን ፊት አድስ፣ ቀለም ቀባ፣ መብራት ስቀል ተባለ። ስለ ውበቱ መከራከር ይቻላል። ሁለት ጥያቄዎች ግን አሁንም አሉ። በመንገዱ ዳር የሚነግደው ሰው ከመሠራቱ በፊት ምን ተጠየቀ? ከተሠራ በኋላስ ማን ይጠብቀዋል? በትእዛዝ የተተከለ ዛፍ ውኃ የሚያጠጣው ትእዛዝ እስካለ ድረስ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

አሁን ወደ ነጋዴዋ ጥያቄ እንምጣ። ግብር ነው ወይስ ስጦታ?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ግብር የመጣል ሥልጣንን ለፌዴራል መንግሥትና ለክልሎች አከፋፍሏል። በአንቀጽ 97 ክልሎች በግል ነጋዴዎች ላይ የንግድ ትርፍ ግብርና የሽያጭ ታክስ ይጥላሉ፣ የመሬት መጠቀሚያ ክፍያም ይሰበስባሉ። በ2015 ዓ.ም. ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች በጋራ ተቀምጠው የንብረት ታክስ የመጣል ሥልጣን የክልሎች እንዲሆን ወሰኑ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የንብረት ታክስ አዋጅ ጸደቀ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ የከተማ አስተዳደር ወይም አንድ ኮሚቴ በስብሰባ ቃለ ጉባኤ ብቻ ነጋዴ ላይ የግዴታ ክፍያ ሊጥል ይችላል የሚል አላገኘሁም። ስለዚህ የግዴታ ከሆነ ሕግ ያስፈልገዋል። ሕግ ከሌለው ስጦታ ነው፣ ስጦታ ከሆነ ደግሞ እምቢ ማለት ይቻላል። ፈቃድ ለማደስ የግብር ክሊራንስ መጠየቅ የሕግ ነው። የ«ልማት» ደረሰኝ መጠየቅ ግን ስጦታን በጓሮ በር ወደ ግብር መለወጥ ነው።

ብዙ የማይጠቀስ አንድ አንቀጽ አለ። አንቀጽ 100 ንዑስ አንቀጽ 2 የግብር መጠን ግብሩ ከሚያስገኘው አገልግሎት ጋር የተመጣጠነ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ደግሞ ሕዝብ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዝዛል። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ይላል። ሦስቱን አንድ ላይ ያነበበ ሰው የንግድ አካባቢ ማሻሻያ ቀጣና ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጋጭ ባዕድ ነገር አይሆንበትም። የሚከፈለው ለታወቀ አገልግሎት ነው፣ ውሳኔው በታችኛው እርከን ነው፣ ሒሳቡም በአደባባይ ነው።

የጎደለው ማስፈጸሚያው ነው። በሕጎቻችን ውስጥ በዚህ ስም የሚታወቅ ተቋም የለም። ያሉን ሁለት ዓይነት መደራጃዎች ናቸው። አንደኛው በፈቃደኝነት የሚቋቋመው ማኅበር ነው። የንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤቶች አዋጅ ቁጥር 341/1995 ነጋዴዎችን ያደራጃል፣ ነገር ግን አባል ያልሆነውን አያስከፍልም። ሁለተኛው አስተዳደሩ ራሱ ነው፣ ማስከፈል ይችላል፣ ነገር ግን የሰበሰበውን እዚያው ሰፈር ላይ የማዋል ግዴታ የለበትም። ቀጣና የሚባለው በሁለቱ መካከል ያለ ሦስተኛ መንገድ ነው። ክልሎች ከተሞቻቸውን የሚያደራጁት በየራሳቸው አዋጅ ስለሆነ የአማራ ክልል ምክር ቤት ሌላ ማንንም ሳይጠብቅ በዚሁ መንገድ ይህን በር ሊከፍት ይችላል።

የቀበሌው ታሪክ እንዳይደገም

እዚህ ላይ የዕድሜ እኩዮቼ የሚያነሱትን ሥጋት እሰማለሁ። «ማኅበር ይባልና ነገ የካድሬ መፈንጫ ይሆናል።» ሥጋቱ መሠረት አለው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የወረሰው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ነዋሪዎችን በኅብረት ሥራ ማኅበራት አደራጅቶ ነበር። ቀበሌ ማለት በመነሻው ይህ ነው። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶችን ኪራይ ቀበሌው እንዲሰበስብና ለአካባቢው እንዲያውለው ተደርጎ ነበር። በወረቀት ላይ ከታየ ከቶሮንቶው የማይተናነስ ሐሳብ ነው፤ ወሰን ያለው ሰፈር፣ የራሱ ገቢ፣ የራሱ ተመራጮች።

የሆነውን እናውቃለን። ብዙ ሳይቆይ ቀበሌው የጥበቃ ጓድ ይዞ የቀይ ሽብር መሣሪያ ሆነ። ኪራዩም ቤቶቹን ማደሻ እንኳ ሳይበቃ ጣሪያቸው እያፈሰሰ ዘመናት አለፉ። ለምን? ቀበሌ ብዙ ዓይነት ሥልጣን በአንድ እጅ ያዘ። ቤት ያከራያል፣ ስኳር ያድላል፣ መታወቂያ ይሰጣል፣ ያስራል። የሚከፍለው ሰው ተመራጮቹን በነፃነት መሻር አይችልም፣ ክፍያው የሚያበቃበት ቀንም የለውም። ትምህርቱ ግልጽ ነው። የንግድ ቀጣና ከቦይ፣ ከመብራትና ከጽዳት አልፎ ፈቃድ የመስጠት፣ የመንጠቅና የመቅጣት ሥልጣን በፍጹም ሊኖረው አይገባም።

ጓሳ የሚያስተምረን

የከሸፈውን ካነሳን የሰመረውንም እናንሳ። ለዚያ ከመንዝ መውጣት አያስፈልገንም። ከመሐል ሜዳ ብዙ ሳይርቅ የጓሳ ሜዳ አለ። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዛሬ ቱሪስቱ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ሊያይ ይሄድበታል። ለመንዜው ግን ከቱሪስት በፊት የቤት ክዳን፣ የገመድና የግጦሽ ቦታ ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአስቦና የገራ ወገኖች የየራሳቸውን አለቃ እየመረጡ ጠብቀውታል። ሣሩ ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል፣ ሲደርስ ይከፈታል፣ በተዘጋበት ጊዜ የገባ ይቀጣል። አዋጅ ቁጥር 31/1967 የርስትን ሥርዓት ሲሽር ጥበቃው ላልቶ ሜዳው ተጎዳ። በኋላ ግን ማኅበረሰቡ ከእድር በተወሰደ መልክ ደንብና ኮሚቴ አቋቁሞ መልሶ አቆመው።

በ2009 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘችው ኤሊኖር ኦስትሮም ዕድሜዋን ያሳለፈችው እንዲህ ያሉ የወል ሀብቶችን በማጥናት ነው። የዘለቁት ምን የጋራ ጠባይ አላቸው ብላ ስትጠይቅ ያገኘችው ለመንዝ ሽማግሌ አዲስ አይደለም። ወሰናቸው የታወቀ ነው። ደንቡን ያወጡት ተጠቃሚዎቹ ናቸው። ጠባቂው ተጠሪነቱ ለተጠቃሚዎቹ ነው። ቅጣቱ እንደ ጥፋቱ ደረጃ ነው። መንግሥትም ራሳቸውን እንዲያስተዳድሩ ይፈቅድላቸዋል።

የገበያ ቦታም የወል ሀብት ነው። ንጹሕና ሰላማዊ ሲሆን ሁሉም ይጠቀማል፣ ሲቆሽሽ ሁሉም ይጎዳል፣ ለመጠበቅ ግን ማንም ብቻውን አይነሳም። ሣሩን ለሦስትና ለአራት ዓመት ሳይነካ መጠበቅ የቻለ ሕዝብ የገበያውን ቦይ አብሮ ማስጠረግ ያቅተዋል ብዬ አላምንም። ጓሳን የጠበቀው መንዜው ከሌላው የተለየ ደግ ሰው ስለሆነ አይመስለኝም። የከለከለው ሰው ነገ ራሱ እንደሚያጭድ ያውቅ ነበር። አለቃውም የተመረጠ እንጂ የተላከ አልነበረም።

ድምፁ የማን ይሁን?

ቀጣና ይቋቋም ከተባለ ከባዱ ጥያቄ ድምፅ የሚሰጠው ማን ነው የሚለው ነው። በአሜሪካ ዋናው ወሳኝ የሕንፃው ባለቤት ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. የኒውዮርኩን የግራንድ ሴንትራል ቀጣና የሚመለከት ክስ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ከሳሾቹ በቦርዱ ውስጥ የንብረት ባለቤቶች አብላጫ መያዛቸው «አንድ ሰው አንድ ድምፅ» የሚለውን መርሕ ይጥሳል አሉ። ፍርድ ቤቱ ቀጣናው የተወሰነ ሥራ ያለው እንጂ ጠቅላላ መንግሥት ስላልሆነ፣ ሸክሙም በዋናነት በባለንብረቶቹ ላይ ስለወደቀ አያስነቅፍም ሲል ወሰነ።

እኛ ዘንድ ይህ እንዳለ ቢቀዳ ስህተት ይሆናል። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ከነጋዴው ብዙው የቀበሌ ቤት፣ የግለሰብ ቤት ወይም የጥቃቅንና አነስተኛ ሼድ ተከራይ ነው። ባለቤቱ ብቻ ድምፅ ቢሰጥ ቀበሌው ራሱ ትልቁ መራጭ ይሆንና ተመልሰን እዚያው ነን። በእኛ አገር ድምፁ መሆን ያለበት በቦታው ላይ የሚነግደው፣ ፈቃድ ያወጣውና ከፋይ የሆነው ሰው ነው።

ከዚያ በታች ደግሞ ፈቃድ የሌላቸው አሉ። ጉልት ዘርግተው ሽንኩርትና ድንች የሚሸጡት እናቶች፣ በግ እየነዳ የሚመጣው ገበሬ፣ ልባሽ ጨርቅ በትከሻው የሚያዞረው ወጣት። በሌሎች አገሮች ቀጣናዎች ላይ ከሚሰነዘሩት ትችቶች ሁሉ ከባዱ «አካባቢውን እናጽዳ» ሲሉ ድሃውን አብረው ጠርገው ያወጣሉ የሚለው ነው። በእኛ ከተሞች ይህ ከግፍም አልፎ ሞኝነት ነው። መሐል ሜዳ ያለ ገበሬው ባዶ ሜዳ ነው። ስለዚህ የጉልት ነጋዴዎችና የገበሬው ወኪሎች ሳይከፍሉ በቦርዱ ውስጥ መቀመጫ ይኑራቸው። እነሱን ከቦታቸው የሚያስነሳ ውሳኔም ያለ እነሱ ስምምነት አይጽና።

ምን ይደረግ?

በእኔ እምነት የክልሉ ምክር ቤት ሊያወጣው የሚገባው ሕግ ረጅም መሆን የለበትም። እነዚህን ነገሮች ቢይዝ ይበቃል።

ቀጣናው የሚቋቋመው በምሥጢር ድምፅ፣ በከፋዮች ቁጥርም በሚከፍሉት መጠንም አብላጫ ሲገኝ ብቻ ይሁን። ወሰኑ በካርታ ይለይ፣ ዕድሜው ከአምስት ዓመት አይብለጥ። ክፍያው እንደ ንግዱ ስፋት ይለያይ፣ ጣሪያም ይኑረው። ማዘጋጃ ቤቱ ይሰብስብ፣ ነገር ግን በተለየ የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ፣ ያለ ቦርዱ ፊርማም አንድ ብር አይንቀሳቀስ። በየሦስት ወሩ ገቢና ወጪው በገበያው መሐል በሰሌዳ ይለጠፍ። ማዘጋጃ ቤቱ ዛሬ የሚሰጠውን አገልግሎት በጽሑፍ ይመዝግብ፣ ቀጣናው ስለመጣ የራሱን ሥራ እንዳያቋርጥም ይፈርም። የቀጣናው ክፍያ ከንግድ ፈቃድ እድሳት ጋር በምንም መንገድ አይያያዝ፤ ያልከፈለ በፍርድ ቤት ይጠየቅ። በመጨረሻም ቀጣና ባለበት ቦታ በነጋዴው ላይ ሌላ «የፈቃደኝነት» መዋጮ መጣል ክልክል ይሁን። ይህ የመጨረሻው ከሌለ ሌላው ሁሉ ቆርቆሮው ላይ አንድ ደረሰኝ መጨመር ብቻ ነው።

«ግብር የሚከፍል ሰው ለምን ሁለተኛ ይከፍላል?» የሚለው ክርክር ክብደት እንዳለው አውቃለሁ። ንድፈ ሐሳቡን ብቻ ካየን ትክክል ነው፤ ቦይና መጸዳጃ የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው። እውነታው ግን ነጋዴው ዛሬም ሁለተኛና ሦስተኛ እየከፈለ መሆኑ ነው። ምርጫው በመክፈልና ባለመክፈል መካከል ቢሆን ኖሮ እኔም አለመክፈልን በመረጥኩ። በተግባር ያለው ምርጫ ግን በማይታወቅና በሚታወቅ ክፍያ መካከል ነው።

አንድ ነገር መደበቅ አልችልም። ይህ ሁሉ ሰላም ይጠይቃል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭትና ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያስከተሉትን የክልሉ ነጋዴ ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ መንገድ ተዘግቶበታል፣ ባንክ ተቋርጦበታል፣ ገበያ ቀርቶበታል። ጠመንጃ ባለበት «በፈቃደኝነት» የሚባል ቃል ትርጉም የለውም፣ የምሥጢር ድምፅም አይሰጥም። ስለዚህ ቀጣናው ነገ ጧት ይቋቋም አልልም። ሕጉን ማርቀቅ፣ ማወያየትና ማዘጋጀት ግን ሰላም እስኪሰፍን መቆየት የለበትም። ከግጭት በኋላ የፈረሰውን እንጠግን ሲባል የመጀመሪያው ጥሪ «ነጋዴው ያዋጣ» መሆኑ አይቀርም። ያን ዕለት ሕግ ካልተዘጋጀ የሚሠራው የለመድነው ነው።

ለነጋዴዋ ያለኝ መልስ እንግዲህ ይኼ ነው። እመቤቴ፣ የያዙት ደረሰኝ ግብርም ስጦታም አይደለም። ግብር እንዲሆን ሕግ፣ ስጦታ እንዲሆን ፈቃድዎ ጎድሎታል። ሁለቱም እስኪሟሉለት ድረስ ቆርቆሮውን አይጣሉት፤ አንድ ቀን «በዚህ ሰፈር ነጋዴው ምን ያህል አውጥቷል?» ተብሎ ሲጠየቅ በእጅ ያለው ማስረጃ እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል።